ለተከበሩ የጣሪያችን የአየር ማስወጫ ቧንቧ

ጉዳዩ፦ ትንፋሽ ስለማጠርዎ

ድሬዳዋ ውስጥ አንቱ መባባል ብዙም አልተለመደም። ሽማግሌውንም ሹሙንም "አንተ" ብለን እንጠራለን፤ የሚቀየም የለም። እርስዎን ግን አንቱ ማለት ግድ ሆነብኝ። በዚህ ቤት ካለነው ሁሉ በዕድሜ ይበልጣሉ፣ ከሁላችንም በላይ ይኖራሉ፣ ሥራ ሲሠሩ ደግሞ ያየዎት የለም።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከደረሰ በኋላ ከዚራ ሰፈር ከተሠሩት አሮጌ ቤቶች አንዱ የእኛ ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳው ሰፊ። ጠባብ ነገር ቢኖር እርስዎ ብቻ ነዎት፤ አንድ ኢንች! እርግጥ ሲተከሉ የሚጠብቅዎት አንድ ላቫንዲኖ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ (የፕላስቲክ ቧንቧ) ሽንት ቤት ገባ፣ ሻወር ተጨመረ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን መጣ። ይህ ሁሉ ሲቀጠል "ይችሉታል ወይ?" ብሎ የጠየቀዎት የለም፤ እርስዎም እንደ ጨዋ ዝም አሉ።

ሽንት ቤቱ ሲለቀቅ ቁልቁል የሚወርደው ውሃ ከኋላው አየር ይስባል። ያንን አየር ማቀበል የእርስዎ ሥራ ነበር። እርስዎ ሲያቅትዎት ከላቫንዲኖው ሲፎን፣ ከሥሩ ካለው ቆልማማ ቧንቧ፣ ይመጠጣል። ከፍሳሹ ጉድጓድ የምትለየን እኮ ሲፎኑ ውስጥ የተኛችው አምስት ሳንቲ ሜትር የምታህል ውሃ ናት። እሷ ከተጠጣች የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ሳሎን ድረስ ሰተት ብሎ ይገባል። የተረፈችውንም የድሬ ሙቀት አይምራትም።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት እንግዶች በርጫ ላይ ተቀምጠው ጨዋታው ሲደራ ከጓዳ "ግልግ... ግልግ" አለ። አንዱ ጎረቤቱን የራበው መስሎት "አንተ፣ ምሳ አልበላህም እንዴ?" አለው። ተሳሳቁ። ወዲያው ሽታው መጣ። የተጠረጠረው ሰው ምንም ሳይል ተነሥቶ ጫማውን አደረገ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም።

እናቴ ሉባንጃ አጨሰች፣ በረኪና ደፋች። ቧንቧ ሠራተኛ ሦስት ጊዜ ጠራን፤ ሦስቱንም ጊዜ ሽቦ ሰድዶ "ተከፍቷል" እያለ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ውሃው መቼ ተዘግቶ ያውቃል? አራተኛው፣ ሸምገል ያለ ሙያተኛ፣ ወደ ታች እንኳን ሳያይ መሰላል ጠየቀ። ጣሪያው ላይ ወጥቶ አውራ ጣቱን አፍዎ ላይ ቢያደርግ ልክክ ብሎ ገጠመ። "የአየር ቧንቧ ከፍሳሹ ቧንቧ ግማሽ ካልሆነ ምን ይሠራል?" አለ። የ110 ግማሽ 55 ሚሊ ሜትር ነው፤ እርስዎ 25 ነዎት። የአፍዎ ስፋት ሲሰላማ ከሚፈለገው ሩቡን አይሞላም። ይህን ያህል ዓመት በአንድ ጣት በሚደፈን አፍ እንዴት እንዳስተዳደሩን ይገርመኛል።

ስለዚህ ባለ 75 ፒቪሲ ተገዝቶ ከበረንዳው ግድግዳ ጋር ተደግፎ ቆሟል፤ የፊታችን ቅዳሜ ቦታዎን ይረከባል። ስለ ጡረታዎ አያስቡ፤ እናቴ ለልብስ ማስጫ አጭታዎታለች።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለላቫንዲኖው
ለሻወሩ ሲፎን
አፍዎ ሥር ጎጆ ለሠራችው ርግብ፣ እስከ ዓርብ ማታ ለቅቃ እንድትወጣ