አባ ሪሞት፦ ሠራተኛ ለጠፋባቸው የጎንደር ጀግኖች የቀረበ ውዳሴ

ሠራተኛችን ለገና አገሬ ደርሼ ልምጣ ብላ ወደ በለሳ እንደሄደች ቀረች። ይኸው አራተኛ ወሯን ያዘች። ስልኳ አይሠራም። ሻንጣዋንም ይዛ መሄዷን ያየነው ከሄደች ከሳምንት በኋላ ነው። አልፈርድባትም። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት እየተነሣች፣ ማታ ከትምህርት መልስ ደግሞ የእኛን እራት ዕቃ አጥባ የምትተኛ ልጅ ነበረች። እኔ በሷ ቦታ ብሆን ገናን አልጠብቅም ነበር።

ዛሬ የምጽፈው ግን ስለሷ አይደለም። ከሷ ወዲህ የወረደብንን መከራ በትዕግሥት፣ በወኔ፣ ከሶፋ ሳይነሡ እየተቋቋሙት ስላሉት ወንዶቻችን ነው። እስካሁን ያመሰገናቸው የለም። ነውር ነው።

ከቤቴ ልጀምር። በእኛ አገር ጀግና በፈረስ ስሙ ነው የሚጠራው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ነበሩ። የኔውም ባል ከማን ያንሳል፣ አባ ሪሞት ብዬዋለሁ።

ልጅቷ እንደማትመለስ ቁርጡ የታወቀ ማታ አባ ሪሞት ቤተሰቡን ሰበሰበ። እኔንና ሁለቱን ልጆች። ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ ሁላችንም መተባበር አለብን» አለ። እውነት ለመናገር እንባዬ መጣ። «ሁላችንም» ሲል እኔን፣ ድስቱንና መጥረጊያውን ማለቱ እንደነበር የገባኝ ሲነጋ ነው።

ከገና አሥራ ሁለት ቀን ቆይቶ ጥምቀት ደረሰ። ጥምቀት በጎንደር ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባም ከባህር ዳርም የዘመድ ዘመድ ይመጣል፣ ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ ከከተራ እስከ ሚካኤል ድስት ከእሳት አይወርድም። አባ ሪሞት በስልክ «ኑ፣ ቤት አለ፣ ችግር የለም!» እያለ ስድስት ሰው ጠራ። ስድስት። እሱ ነጭ ለብሶ እንግዳ እየመራ ወረደ። ታቦታቱ ከፋሲል መዋኛ ሲመለሱ እኔ ከሽንኩርት ገና አልተመለስኩም ነበር። ማታ ላይ እንግዶቹን ሰብስቦ ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ እንደተመዘገበ፣ ጥምቀትም በ2019 እ.ኤ.አ. እንደተከተለ ሲያብራራ ጓዳ ሆኜ ሰማሁት። ባሌ ሳይመዘገብ መቅረቱ አንጀቴን በላው። ካለበት ባለመነቃነቅ ከግንቡ በምን ያንሳል?

ይኼን ስለው አይቆጣም። ታሪክ ይጠቅሳል። ከተማው ከ1636 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነገሥታት መናገሻ እንደነበረ፣ በቤተ መንግሥት ወጥ ቤቱ ለብቻ፣ ጠጅ ቤቱ ለብቻ፣ ሁሉም በየሹመቱ እንደነበረ ለልጆቹ ይነግራል። ልክ ነው። ሹመቱ እኛ ቤትም አልጠፋም። እሱ መሶብ ሲቀርብ ፊታውራሪ ነው፣ ማንም አይቀድመው። ኳስ ሲኖር እልፍኝ አስከልካይ ይሆናል፤ ሳሎን መጥረጊያ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ለተመላላሽ ሠራተኛ ብር ሲጠየቅ ደግሞ በጅሮንድ ሆኖ ካዝናውን ይቆልፋል። አሁን በቅርቡ ሊቀ መኳስም አግኝቷል። ለማያውቅ፣ ሊቀ መኳስ ድሮ ንጉሡን መስሎ፣ እንደ ንጉሡ ለብሶ የሚቆም ሹም ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሆነው ልጄ ከአባቱ አጠገብ፣ አንድ እግሩን አንዱ ላይ አጣጥፎ፣ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ተቀምጦ «እማ፣ ውኃ!» ሲለኝ ከሩቅ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ተቸግሬ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ይኸው ልጅ ባለፈው ወር መጥረጊያ አንሥቶ ነበር። በራሱ። ማን እንደከለከለው ታውቃላችሁ? እኔ። «ተው አንተ፣ እኅትህ ትጥረግ» ብዬ ቀማሁት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የራሴን ድምፅ የሰማሁት። ስለዚህ ውዳሴው ለኔም ትንሽ ይድረሰኝ።

ወደ ጀግኖቹ ልመለስ። ሥራቸውን ማየት የፈለገ ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ፣ ጀበና ቡና የሚሸጥበት በረንዳ ላይ ይቀመጥ። የቤት ሠራተኛ እጥረት እንደዚያ በጥልቀት የተጠናበት ቦታ የለም። «ተበላሹ እኮ!» ይላል አንዱ። «አሁንማ ገና ሳትገባ ስንት ሰው ነው፣ ሕፃን አለ ወይ፣ ዋይፋይ አለ ወይ ነው የምትልህ።» ጉድ ነው። የምትሠራበትን ቤት ልትጠይቅ! ሌላው የጠየቀችውን ደሞዝ ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ እሱ በሁለት ቅዳሜ ለድራፍት የሚያወጣውን ነው በወር የጠየቀችው። ሦስተኛው ስለ ደላላው ኮሚሽን ያወራል። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚባለው ለካ ይኼ ነው። ችሎቱ በረንዳው ነው። ተከሳሿ የለችም። ፍርዱም «ተበላሸች» ነው።

ሕግ አዋቂም በመሃላቸው አይጠፋም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን ውጭ እንደተዋት፣ የሥራ ሁኔታዋንም ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደጣለው በቃሉ ይነግራችኋል። ሸጋ አድርጎ ነው የሚያውቀው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ጋ፣ ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመን እኩል መብት አላቸው የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ምን እንደሚነካው አላውቅም፣ ስልኩ ይጠራል።

አዝማሪ ቢኖረኝ እንዲህ አስብለው ነበር፦

የጎንደር ጎበዝ ነው፣ ከጦር የማይሸሸው፣
አንዲት የሻይ ማንኪያ፣ ወኔ አሳጣችው።

የእንጀራውን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ግፍ ነው። አባ ሪሞት አንድ ቀን «እንጀራ ምን አለው አሁን? ምጣዱ የኤሌክትሪክ ነው፣ ማሽኑ አይደል የሚጋግረው» አለኝ። ምን ልበለው። እሱ ዘንድ ምጣዱ ማለዳ ተነሥቶ ፊቱን ይታጠባል፣ ጤፉን ወፍጮ ቤት ወስዶ ያስፈጫል፣ ነፍቶ፣ እርሾ ጨምሮ፣ አቡክቶ ሁለት ሦስት ቀን ያቆየዋል፣ ከላይ ያቀረረውን ውኃ ይደፋል፣ አብሲት ይጥላል፣ ኩፍ እስኪል ይጠብቃል፣ ከዚያ በራሱ ማሰሻ ራሱን ያስሳል፣ አክንባሎውን ይከድናል፣ እንጀራውን በሰፌድ ያወጣና ወደ ቦታው ይመለሳል። ሁለት እንጀራ ወጥቶ መብራት ሲጠፋ፣ ሊጡ እስከ ማግሥቱ ኮምጥጦ ሲያድር፣ ያን ጊዜም ያው ምጣዱ ነው የሚናደደው። ከጉልት ገዝቼ ሳቀርብለት ደግሞ አንሥቶ ወደ መብራት ያየዋል። «ዐይን የለውም» ይላል። ዐይንማ እሱ አለው። ሳሎን ተቀምጦ የእንጀራ ዐይን የሚቆጥር ባል ስንቱ ቤት ይገኛል?

ውኃውንም እናንተ ታውቁታላችሁ። በፈረቃ ነው፣ እኛ ሰፈር ሲመጣ ደግሞ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቧንቧው መጀመሪያ ያስላል፣ ከዚያ ይተፋል፣ ከዚያ ይመጣል። እኔ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ በርሜሉና ወደ ጀሪካኑ እሮጣለሁ። አባ ሪሞት በእንቅልፍም ውስጥ ኃላፊነቱን አይረሳም። ከብርድ ልብሱ ውስጥ «መጣ እንዴ?» ይላል። «መጣ።» «ጎበዝ» ይለኝና ይገላበጣል። ሲነጋ ደግሞ የአንገረብ ግድብ በደለል እንዴት እንደተቸገረ፣ ከተማውም ከግድቡ በላይ እንዴት እንደሰፋ ቁርስ ላይ ያስረዳናል። የሚለው ትክክል ነው፣ ከሱ ነው የተማርኩት። ጀሪካን ብቻ አይችልም፣ ወገቡን ያመዋል። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው፣ ቀላል አይደለም። ለወንድሙ ሠርግ የቢራ ሣጥን እያነባበረ ሲሸከም ያየሁት ወገብ የሌላ ሰው መሆን አለበት።

የሚገርማችሁ ይኼ ሰው እጅ አለው። ተማሪ ሆኖ ዶርም ውስጥ ሸሚዙን በሳፋ አጥቦ፣ አለቅልቆ፣ ኮሌታውን በጣቱ ስቦ የሚያሰጣ ልጅ ነበር። መጀመሪያ ዐይኔ የገባውም የሸሚዙ ንጣት ነው። ባጭሩ እኔ ያገባሁት ልብስ ማጠብ የሚችል ወንድ ነው። ሠርጉ ላይ ምን አስነክተውት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። ከገጠር መጥቶ ድጓና ቅኔ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ልብሱን ራሱ ያጥባል፣ ጎጆውን ራሱ ይጠርጋል። የገበያው ልብስ ሰፊ ወንድ ነው። «ወንድ ልጅ ምግብ አይሠራም» የሚሉኝ የባሌ ጓደኞችም ይኼን የሚሉት ሆቴል ተቀምጠው ወንድ የጠበሰውን ጥብስ እየበሉ ነው። እጁ ቤት ሲደርስ ነው የሚዝለው።

አሁን ወደ ዋናው ገድል ልግባ።

በየካቲት ለሥልጠና ሦስት ቀን ባህር ዳር ሄድኩ። ወጥ ሠርቼ፣ እንጀራ አስቀምጬ፣ ምን የት እንዳለ ወረቀት ላይ ጽፌ። በሁለተኛው ቀን በቴሌግራም፣ በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ አንድ ፎቶ መጣ። ስኒ ነው። አንድ የታጠበ ስኒ፣ እጁ ላይ ተቀምጦ። ሥሩ «ወንድ ልጅ ሲቸግረው!» ተብሎ ተጽፏል።

እናንተዬ፣ ግሩፑ ተንቀጠቀጠ። እኅቱ አለቀሰች። አጎቱ ከአሜሪካ «ተባረክ የኔ አንበሳ» ብለው ድምፅ ላኩ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ስልኬን አይታ «እድለኛ ነሽ እኮ፣ የኔው ይኼንንም አያደርግ» አለችኝ። ማታ ላይ አማቴ ደወሉ። «ምነው ልጄ፣ እጁ ተላጠ አሉ?» አሉኝ። «አይ እመይ፣ ስኒ ነው ያጠበው።» «በቀዝቃዛ ውኃ?» ዝም አልኩ። «ቶሎ ተመለሺ እንግዲህ» አሉና ዘጉት።

ተመለስኩ። በፎቶው ላይ ያልታየውን ያየሁት ያኔ ነው። በሦስት ቀን ቤት ውስጥ ያለ ሳህን ሁሉ ወጥቷል፣ ለእንግዳ ብለን ቁም ሳጥን ውስጥ የቆለፍነው ሳይቀር። ሳህን ሲያልቅ ትሪ፣ ትሪ ሲያልቅ የድስት ክዳን። ሁሉም የሽሮ ቅሪት እንደ ኖራ ደርቆበት እንደ ራስ ግንብ ፎቅ ላይ ፎቅ ሆኖ ተቆልሏል። ጫፉ ላይ፣ ብቻዋን፣ እያበራች፣ ያቺ ስኒ። ይህች ከተማ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ባለሙያ እያሠለጠነች ለአገር የላከች ናት። ንጽሕናው እኛ ጓዳ ድረስ ብቻ ነው ያልዘለቀው።

በቀደም ፋሲካ መጣ። አባ ሪሞት ጾሙን ሙሉ «ሽሮ ሰለቸኝ» ሲል ከርሞ ቅዳም ሹር ጠዋት «ዘንድሮ ዶሮዋን ለኔ ተዉልኝ» አለ። አላመንኩም። ደገመው። «ለኔ ተዉልኝ፣ አንቺ አትድከሚ።» ልጆቹ እንኳን ከስልካቸው ቀና አሉ። ጃኬቱን አወለቀ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ቢላዋውን በሌላ ቢላዋ አፋጨው። በስመ አብ ብሎ አረደ። ሊቀ መኳሱ ፎቶ አነሣ። እኔ ውኃ አፈሰስኩለት፣ ሌሊት ካጠራቀምኩት ጀሪካን ግማሹን ጨርሶ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ። ፎጣ ሰጠሁት።

«በይ እንግዲህ፣ የኔ አልቋል» አለና ገብቶ ተቀመጠ።

ዶሮዋ መሬት ላይ ናት። ላባዋ አልተነጨ፣ አልተለበለበች፣ አሥራ ሁለት ብልቷ አልወጣ፣ በሎሚና በጨው አልታሸች። ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ልጣጩን እንደለበሰ ይጠብቀኛል። ሁለተኛውን ኪሎ ስጀምር ስልኬ ጮኸ። እመይ ናቸው።

«ልጄ ዶሮ ሠራ አሉ! ፎቶውን አሳዩኝ። እግዜር ያክብርልኝ፣ እንዲህ ያለ ወንድ አሁን የት ይገኛል?»

«አዎ እመይ» አልኳቸው።

«ታለቅሻለሽ እንዴ ልጄ?»

«ሽንኩርት ነው፣ እመይ።»