ደቡቡ ቢያሸንፍ ኖሮ፦ ደራሲው የፈለገውን ይጻፍ?

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ባርነትን ይዞ የተገነጠለው ደቡቡ (ኮንፌዴሬሽኑ) ቢያሸንፍ ኖሮ ብለው የሚነሱ ልቦለዶች አሉ። ባርነትን ሲያነሱ ለታሪኩ ምን ያህል ይታመኑ? ሁለት አንባቢዎች ተከራክረዋል። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«ታሪክ ይጠበቅ» ባይ፦
የደቡቡ ጄኔራል ሊ የተሸነፈበትን የጌቲስበርግ ውጊያ በልቦለዱ ያሸንፍ፣ ግድ የለኝም። የሚያናድደኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ ጌቶቹ ልባቸው ራርቶ ሁሉንም ነፃ ያወጣሉ! በየትኛው ሕግ? የኮንፌዴሬሽኑ ሕገ መንግሥት የባሪያ ባለቤትነትን የሚነካ ሕግ እንዳይወጣ በግልጽ ይከለክላል። ምክትል ፕሬዚዳንቱ አሌክሳንደር ስቲፈንስም በማርች 1861 በሳቫና ከተማ፣ የመንግሥታችን የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ከነጭ እኩል አለመሆኑ ነው ብሎ ተናግሯል። በ1860 ቆጠራ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በባርነት ነበር። ይህን የሚያህል ሀብት በፈቃዱ የሚለቅ ማን ነው?

«ደራሲን ልቀቁት» ባይ፦
ወዳጄ፣ አይሆንም የምትለው ሆኖ ያውቃል። ያው ኮንፌዴሬሽን በማርች 1865 ጥቁሮችን በወታደርነት ለመመልመል ሕግ አወጣ። ይህን በ1861 የጻፈ ደራሲ መሳቂያ ይሆን ነበር። ሮበርት ስሞልስስ? በባርነት ሳለ፣ በሜይ 1862፣ የደቡቡን ወታደራዊ መርከብ ከቻርልስተን ወደብ አስነሳ። የካፒቴኑን ባርኔጣ አድርጎ በምሽጎቹ ፊት አለፈ። ቤተሰቡን ይዞ መርከቧን ለሰሜኑ ባሕር ኃይል አስረከበ። ልቦለድ ላይ ብታነበው «ተጋነነ» ትል ነበር።

«ታሪክ ይጠበቅ» ባይ፦
መሰከርክልኝ እኮ! ስሞልስ ራሱን ነፃ አወጣ እንጂ ጌታው አልራራለትም። የ1865ቱም ሕግ ቢሆን ምልምሎቹን ነፃ አላወጣም፤ ያንን ለባለቤቶቹና ለግዛቶቹ ፈቃድ ነው የተወው። ያውም መንግሥቱ ሊፈርስ ሳምንታት ሲቀሩት። ያሸነፈ ደቡብማ ምን ጨንቆት?

«ደራሲን ልቀቁት» ባይ፦
ብራዚል በ1888 ያለ እርስ በርስ ጦርነት፣ በሕግ ባርነትን አስቀርታለች። ደራሲው ከዚያ ቢነሳ ምን አጠፋ? ደግሞ የእናንተ ትክክለኝነት አንዳንዴ ግራ ይገባኛል። የመድፉን ዓይነት፣ የመለዮውን ቁልፍ ሳይቀር አጣርቶ የሚጽፍ አለ። በባርነት ያለችው ጥጥ ለቃሚ ግን ከመጽሐፉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስም እንኳ የላትም።

«ታሪክ ይጠበቅ» ባይ፦
በዚህ አልከራከርህም፣ እሷም ታሪክ ናት። ግን ብራዚልን ካመጣ ሙሉውን ያምጣ። እዚያ ሕጉ ሲወጣ በባርነት ያሉት ሰዎች ከቡና እርሻው በገፍ እየጠፉ ነበር። የደቡቡን ጥጥ ደግሞ ማሽን በሰፊው መልቀም የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ እስከዚያ የሰው እጅ ያስፈልግ ነበር። ጌቶቹን በ1870ዎቹ የሚያራራ ደራሲ ምክንያቱንም አብሮ ይጻፍልኝ።