አምስተኛው ቅኝት

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ጣል አድርገው የቤቴ በር ላይ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው የእጅ ባትሪ፣ በሌላው የጠበል ጠርሙስ ይዘዋል። ጣጣው የመብራትም ይሁን የሰይጣን፣ ተዘጋጅተው ነው የመጡት።

«ልጄ፣ ምንድን ነው የሚጮኸው? ቆጣሪው ነው?»

«ኧረ አይደለም እትዬ። ሙዚቃ እየሠራሁ ነው።»

ከኋላዬ ሚክሰሩ «እዝዝዝዝ» ይላል። ያገለገለ ነው፣ ከመርካቶ የገዛሁት። ጤነኛ ሰው ማይክራፎን በመግቢያው፣ ስፒከር በመውጫው ይሰካል። እኔ ከመውጫው የሚወጣውን ገመድ መልሼ መግቢያው ላይ እሰካዋለሁ፤ ዕቃው የገዛ ድምፁን እየዋጠ ያገሳል። ቁልፏን ትንሽ ነካ ሲያደርጓት ፉጨቱ ወደ ጉርምርምታ ይወርዳል። ሰርግ ላይ ማይክራፎን ድንገት «ፒይይይ» ሲል ዲጄው ተደናግጦ የሚያጠፋው ድምፅ አለ አይደል? እኔ እሱን ሁለት ሰዓት ሙሉ አስታምመዋለሁ። ኖይዝ ይሉታል፤ ጩኸቱ ራሱ ሙዚቃ የሚሆንበት።

«እና ቅኝቱ ምንድን ነው? ትዝታ?»

«አይደለም።»

«ባቲ?»

«አይደለም።»

«አምባሰል እንዳትለኝ ብቻ!»

«አንቺ ሆዬም አይደለም እትዬ። አምስተኛ ነው።»

እሁድ ቡና ጠሩኝ። ለሽምግልና መሆኑ ገብቶኛል። ይህን ነገር ፈረንጅ ነው ያመጣብን አሉ፤ ግማሽ እውነት አላቸው። ሉዊጂ ሩሶሎ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1913 የዘመኑ ጆሮ የሚፈልገው የፋብሪካና የትራም ጩኸት ነው ብሎ ጻፈ። እጀታቸው ሲዞር የሚያጓሩ ሣጥኖችም ሠራ። በዓመቱ ሚላኖ ውስጥ ሲያቀርባቸው ታዳሚው ተነሣበት፤ ጓደኞቹ ወርደው ከሕዝቡ ጋር ተደባደቡ።

«ጣሊያን ከሆነማ ሌላ ምን ይጠበቃል» አሉ፣ ጀበናውን እያወረዱ።

ስለዚህ ጣሊያኑን ትቼ ግብፃዊውን አመጣሁ። ሃሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ በሽቦ ላይ የሚቀርጽ መሣሪያ ተውሶ ሴቶች የዛር ሥርዓት ሲያካሂዱ ቀረጸ። ከዚያ ድምፁን ስቱዲዮ ወስዶ፣ ማስተጋባቱ ብቻ እስኪቀር ድረስ አሸው። ፓሪስ ውስጥ በባቡር ድምፅ ተመሳሳይ ነገር የተሠራው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ይኸው ሰው ኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ በገናውንና ዋሽንቱን አንድ ላይ አሰልፎ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ይህን ሁሉ የተናገርኩት ነገሩ ከቤታችንም ዝምድና እንዳለው ለማስረዳት ነበር።

«ዛር ነው አላልኩም?» አሉ። የጠበሏ ጠርሙስ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጣለች።

«በገናስ እትዬ? ያ እዝዝ የሚለው ከምን ይመስልዎታል? አውታሩና ብርኩማው መሃል ካለችው ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዚራዋ ነው። እሷ ብትወጣ ያ ድምፅ የለም።»

«በገናን ከዚህ ጋር አታወዳድር። በገና ጾም ያውቃል።»

መልስ አጣሁ። ከስልኬ በኖይዝ የታወቀውን ጃፓናዊ አስደመጥኳቸው።

«ስሙ ማን ነው?»

«መርዝባው።»

«በስሙ ተናግሮታል እኮ!»

እ.ኤ.አ. በ2000 ሃምሳ ሲዲ ያለው ሣጥን ያሳተመ ሰው ነው። እኔ ሦስተኛው ላይ ነኝ፤ ሃምሳውንም ጨርሻለሁ የሚል ካለ ጆሮውን ያሳየኝ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ሰው ዜማ ይፈልጋል፣ ቀጥሎ ይናደዳል። ጆሮ ፍለጋውን ሲተው ግን ጩኸቱ ውስጥ ትንንሽ ነገሮች መሰማት ይጀምራሉ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማን ቅኝት ይጠይቃል?

አስመሳይም ሞልቶናል። ባለፈው ሦስት ጓደኞቼን ጠርቼ ሥራዬን አቀረብኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ «መሃል ላይ የሆነ ጥልቀት አለው» አለኝ። መሃል ላይ እኔ ሽንት ቤት ነበርኩ፤ ሚክሰሩ ብቻውን ነው የተጫወተው። «አዎ፣ እሷ ላይ ብዙ ለፍቻለሁ» አልኩት።

በረካው ላይ እትዬ አስካለ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ቆይ፣ ይኼን ያህል ኳኳታ የምትወድ ከሆነ የኔን ፍሪጅ ለምን አትሰማውም? እንቅልፍ ከነሳኝ ወር አልፎታል።»

ከተበላሸ አሻንጉሊት ያወጣኋትን፣ ሳንቲም የምታህል ድምፅ ማንሻ በፕላስተር ጎኑ ላይ ለጠፍኩና ኢርፎኔን አደረግኩ። ሞተሩ ሲነሣ አናቱ ላይ የተደረደሩት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይንሾካሾካሉ። ሆዱ ውስጥ ውሃ ይንቆረቆራል። ሊጠፋ ሲል ሦስት ጊዜ ይንገጫገጭና፣ ተናግሮ የተጸጸተ ሰው ይመስል ቀጥ ይላል። አራት ቀን ተመላልሼ ቀረጽኩት። እንዲህ ያለ ነገር እኔ በሚክሰር አልሠራሁም፣ አልሠራምም።

በአምስተኛው ቀን ስገባ ጠጋኙ ተንበርክኮ የፍሪጁን ጀርባ ፈቷል። ማስቆሚያ ስላጣሁ እጁን ያዝኩት፤ «ወንድሜ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ስጠኝ፣ የመጨረሻዋ ክፍል ቀርታኛለች» አልኩት።

ጠመንጃ መፍቻውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ወደ እትዬ አስካለ ዞረ።

«እናቴ፣ የጠሩኝ ለየትኛው ነው?»