ፎርሙ ስለ በጓ ይጠይቃል፣ በጓን ስለያዘው ሰውዬስ?

ወሎ ውስጥ እንስሳ ላይ ሪሰርች የሚሰራበት ቦታ ጥቂት አይደለም፣ ሲሪንቃ ግብርና ምርምር አለ፣ ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላብራቶሪ አለ፣ ደሴ ደግሞ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ቬተርነሪ ያስተምራል፣ ተመራቂው ለጽሑፉ ብሎ ከየቀበሌው በግና ፍየል ደም ሲቀዳ ይከርማል። ስለ እንስሳቱ ብዙ ይወራል። እኔ ዛሬ ማውራት የፈለኩት እንስሳቱን ይዘው ስለሚቆሙት ሰዎች ነው።

እንስሳ ላይ ጥናት ልስራ ስትል ኢቲካል ክሊራንስ፣ ማለትም የኢቲክስ (የስነ ምግባር) ኮሚቴ ጥናቱን አይቶ የሚሰጠውን ፈቃድ፣ አምጣ ትባላለህ። ፎርሙ ስንት እንስሳ ነው የምትጠቀመው፣ ህመሙን በምን ታስታግሳለህ፣ ሲያልቅ ምን ታደርገዋለህ ይልሃል። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን እኔ እጅ የገቡት ፎርሞች ላይ እንስሳውን ማነው የሚይዘው፣ ምን ክትባት ወስዷል፣ ቢነከስ ወይ መርፌ ቢወጋው የት ነው የሚሄደው የሚል መስመር የለም። በጓ የሚቆምላት ኮሚቴ አላት፣ ሰውዬው ግን የለውም።

ሰውዬው ማነው ካላችሁ ተመራማሪው አይደለም። ተመራማሪው መጥቶ ዳታውን ወስዶ ይሄዳል። ጠዋት ማታ በረት የሚጠርገው፣ የሚያበላው፣ የሚያዋልደው በኮንትራት ወይ በቀን ሂሳብ የተቀጠረ የአካባቢው ሰው ነው። ሌሊት በግ ምጥ ሲይዛት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እጅጌውን እስከ ክርኑ ይሰበስብና ሳሙና ካለ በሳሙና ከሌለ በባዶ ውሃ ታጥቦ እጁን ይሰዳል፣ ጎትቶ ያወጣዋል፣ ግልገሉ አልተነፍስ ካለ የኋላ እግሩን ይዞ ያወዛውዘዋል፣ ያም ካልሆነ አፉን አፍንጫው ላይ ገጥሞ እፍ ይልበታል። የእንግዴ ልጁን በእጁ አፍሶ አጥር ጥግ ይጥለዋል። ከዛ እጁን በጭድ ጠርጎ ሻዩን ይጠጣል። ግልገሉ ተረፈ፣ ሪፖርቱ ላይም የግልገል ሞት ቀነሰ ተብሎ ይጻፋል፣ የሱ ስም ግን የለበትም።

ችግሩ ብሩሴሎሲስም ኪው ፊቨርም የሚባሉት ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች ጀርሞቻቸው በብዛት ያሉት እዛው የእንግዴ ልጁና ፈሳሹ ውስጥ ነው፣ በተለይ በጓ ጨንግፋ ከሆነ። ኪው ፊቨርማ ጭራሽ ሳትነካውም ደርቆ ከአቧራ ጋር ስትተነፍሰው ይይዝሃል። ከሁለት ሶስት ሳምንት በኋላ ወይ ወራት ቆይቶ ትኩሳት ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ህመም። ኮምቦልቻ ወርዶ ሲታከም ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን፣ ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው፣ ወይ ሁለቱም ነው። አንድ ሳምንት ክኒን ይሰጠዋል፣ ትንሽ ሻል ይለዋል፣ ደግሞ ይወድቃል። ብሩሴሎሲስ ግን ቢያንስ ስድስት ሳምንት ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ የሚወሰድበት በሽታ ነው። ነርሷን አልፈርድባትም፣ ስራህ ምንድነው ብላ ብትጠይቀውም የቀን ሰራተኛ ነኝ ነው የሚላት።

ይሄ የኛ ድህነት ብቻ ያመጣው ነው እንዳትሉኝ። አሜሪካ አትላንታ ያኔ የርክስ ይባል በነበረ የዝንጀሮ ምርምር ማዕከል ውስጥ በ1997 እ.ኤ.አ. ኤልሳቤጥ ግሪፊን የምትባል የ22 ዓመት ልጅ ከጦጣ ኬጅ የተረጨ ነገር አይኗ ውስጥ ገብቶ በስድስት ሳምንት ገደማ ሞታለች፣ ጦጣዎቹ የሚሸከሙት ቢ ቫይረስ የሚባል ነው፣ የአይን መከላከያ አላደረገችም ነበር። እንደዛ ካሉ ጦጣዎች ጋር የሚሰሩ ሰዎች ከምን ጋር እንደሚሰሩ የተጻፈበት ካርድ ኪሳቸው ይይዛሉ፣ ሀኪሙ ጋ ሲደርሱ ያሳዩታል። ካርድ ነው እንግዲህ፣ ማሽን አይደለም። በ2014 ጦርነት ደሴም ኮምቦልቻም ሲሪንቃም ምን እንደደረሰባቸው አውቃለሁ፣ በጀት የለም ሲባልም አምናለሁ፣ ግን ወረቀት ቆርጦ «ይህ ሰው ከበግና ፍየል ጋር ይሰራል፣ ትኩሳት ካለው ብሩሴላም ይታይለት» ብሎ ማህተም መምታት ስንት ብር ነው?

የእብድ ውሻ ክትባትም እንደዛው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀድሞ ለሚከተብ ሰው ሁለት ዶዝ ይበቃል ብሏል፣ በመጀመሪያው ቀንና ከዛ ሰባት ቀን ቆይቶ። ቀድሞ የተከተበ ሰው ቢነከስ ያ ውዱ ኢሚውኖግሎቡሊን (ተዘጋጅቶ የሚሰጥ ፀረ እንግዳ አካል) አያስፈልገውም፣ አጭር ማጠናከሪያ ይበቃዋል። ውሻ ይዘው የሚማሩ የቬተርነሪ ልጆች ግን ሳይከተቡ ክሊኒክ ሲገቡ አይቻለሁ፣ ስም አልጠራም።

ሁሌ የሚመጣው መልስ ደግሞ «ጓንት ሰጥተነዋል እሱ ነው የማያደርገው» ነው። አቦ የትኛውን ጓንት? ያ ስስ የምርመራ ጓንት ምጥ ላይ ባለች በግ ውስጥ ቀድሞ ይቀደዳል፣ ደሞም አንጓ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ሰውዬው የሚሰደው እስከ ክርኑ ነው። እስከ ትከሻ የሚደርሰው ረጅሙ ጓንት አለ፣ ላም ለማዳቀል ሲሆን ይገዛል፣ ለበግ ማዋለጃ ግን ማንም ግዢ ላይ አይጽፈውም ምክንያቱም ግዢውን የሚጽፈው ሰው ሌሊት በረት ውስጥ አያድርም። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ 1156/2011 አሰሪ የአደጋ መከላከያ ያቅርብ ይላል፣ የመንግስት ሰራተኛው ደግሞ በሌላ አዋጅ ነው የሚተዳደረው፣ የቀን ሰራተኛው የትኛው ውስጥ እንደሚወድቅ ቀጣሪዎቹ ራሳቸው ሲከራከሩ ሰምቻለሁ።

ስለዚህ የኢቲክስ ኮሚቴዎቹን የምለምነው አንድ ነገር ነው፣ ፎርሙ ላይ ሶስት መስመር ጨምሩ፦ ማን ይይዛል፣ ምን ተከትቧል፣ ቢጎዳ ማን ያሳክመዋል። ባዶ ከመጣ አትፈርሙ፣ የበጓ ገጽ ባዶ ቢመጣ አትፈርሙም አይደል።