5 ዋት ማለት ዝቅተኛ ድምፅ ማለት አይደለም

«ለቤት ባለ 5 ዋት የጊታር ቲዩብ አምፕሊፋየር (በቫኩም ቱቦ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ) ግዛ፤ ድምፁ የባለ 50 ዋቱ አንድ አሥረኛ ነው» የሚለው ምክር ስህተት ነው። ጆሮ ዋት እየቆጠረ አይሰማም። ኃይሉ በአሥር እጥፍ ሲያንስ ድምፁ የሚወርደው በ10 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ነው፤ ለጆሯችን በግማሽ ያህል የቀነሰ ቢመስል ነው። ብዙዎቹ ባለ 12 ኢንች የጊታር ስፒከሮች በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 97 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ያወጣሉ። በ5 ዋት 104 ደረሰ ማለት ነው! የእኔው ባለ 5 ዋት፣ ድምፅ መጨመሪያው ገና ሲሶ ሳይዞር፣ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ብርጭቆዎች ያንቀጫቅጫል። ከጎረቤት ጋር ግድግዳ ለሚጋራ ሰው ይህ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ስለዚህ ከዋቱ በፊት ማስተር ቮልዩም (አጠቃላይ የድምፁን መጠን ለብቻው የሚቆጣጠር ቁልፍ) እንዳለው እዩ። ከሌለው በአምፕሊፋየሩና በስፒከሩ መካከል የሚገባ፣ ኃይል የሚቀንስ አቴንዌተር የሚባል መሣሪያ ይረዳል፤ 20 ዴሲቤል ሲቀንስ ከ5 ዋቱ ስፒከሩ ጋ የሚደርሰው 0.05 ዋት ብቻ ነው። ጸጥታ ፍለጋ ግን ስፒከሩን ነቅላችሁ አትጫወቱ፤ ባለ ቲዩብ አምፕሊፋየር ያለ ስፒከር ሲሠራ የመውጫ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።