ማስተካከያ፦ መርፌው ሲዘል ሳንቲም አትጫኑበት

ባለፈው ስለ ሸክላ ማጫወቻ ስጽፍ «መርፌው እየዘለለ ካስቸገራችሁ ክንዱ ጫፍ ላይ ሳንቲም አስቀምጡ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። ሰምታችሁኝ ሳንቲም ያስቀመጣችሁ ካላችሁ እባካችሁ አሁኑኑ አንሱት።

ለምሳሌ የኦርቶፎን 2ኤም ሬድ መርፌ ሸክላው ላይ እንዲያርፍ የሚመከረው በ1.8 ግራም ነው። አንድ የአሜሪካ ፔኒ ብቻውን 2.5 ግራም ይመዝናል። ሲደመር 4.3 ግራም፣ ከሚገባው ከእጥፍ በላይ! መዝለሉ ሊቆም ይችላል። ግን መርፌውም ያልቃል፣ ሸክላውም ይበላል። የኢትዮጵያ ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ያወጣቸው ባለ 45 (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ) ሸክላዎች ደግሞ ዛሬ እንደ ልብ አይገኙም። እንዲህ ያለ ሸክላ በኔ ምክር ቢበላሽ በጣም ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ መርፌውን በለስላሳ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ ጥረጉት። የኔ መርፌ ጫፍ ላይ እንደ ጥጥ የተጠቀለለ አቧራ ነበር፤ እሱ ሲነሳ ግማሹ ችግር ጠፋ።

ከዚያ የመርፌውን ክዳን አውልቁ፣ አንቲ-ስኬቱን (ክንዱ ወደ ሸክላው መሃል እንዳይሳብ የሚይዘውን መቆጣጠሪያ) 0 አድርጉ። ክንዱ አየር ላይ ቀጥ ብሎ እስኪንሳፈፍ ድረስ የኋላውን ክብደት አዙሩ። መርፌው የትም እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ሲንሳፈፍ ቁጥር ያለበትን ቀለበት ብቻ 0 ላይ አምጡት። ቀጥሎ ክብደቱን ከነቀለበቱ ለካርትሪጃችሁ (ክንዱ ጫፍ ላይ መርፌውን ለያዘው ክፍል) እስከተመከረው ቁጥር አዙሩ፤ አንቲ-ስኬቱንም እዚያው ቁጥር ላይ አድርጉት።

አሁንም አንድ ሸክላ ላይ ብቻ፣ ያውም አንድ ቦታ ላይ ከዘለለ፣ ችግሩ የሸክላው ጭረት ወይም ቆሻሻ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ላይ ከዘለለ ግን መርፌው አልቆ እንደሆነ ለባለሙያ አሳዩት።