መዝናናት በመመሪያው መሠረት

በጃፓን ማረፍ የሕግ ጉዳይ ነው። ከኤፕሪል 2019 ወዲህ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ጃፓኖች በንጉሠ ነገሥታቸው ዘመን የሚቆጥሩት ሌላም አለ፣ እሱን ከጀመርን አንጨርስም) በዓመት አሥር ቀንና ከዚያ በላይ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ የሚሰጠው ሠራተኛ ቢያንስ አምስቱን ቀን ማረፉን አሠሪው ማረጋገጥ አለበት። ካላረጋገጠ ባላረፈው ሰው ልክ፣ በአንድ ራስ እስከ 300,000 የን ሊቀጣ ይችላል። ሕጉ የወጣው ሰዉ ፈቃዱን ሳይነካ ዓመቱን እየጨረሰ ስላስቸገረ ነው። እኛ አገር ፈቃድ ፈላጊ አንድ አጎቱን ሦስት ጊዜ ይቀብራል፤ እዚህ አለቃ ሠራተኛውን «እባክህ ሂድና እረፍ፣ አታስቀጣን» ብሎ ይለምናል።

ልመናው ቅጽ አለው። ቅጹ ላይ «የፈቃዱ ምክንያት» የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ ሁሉም «የግል ጉዳይ» ብሎ ይሞላበታል። የሚያገባውም፣ ጥርሱን የሚያስነቅለውም፣ ባሕር ዳር ተንጋሎ ሊውል የሚሄደውም የግል ጉዳይ ነው።

ቶኪዮ ውስጥ ሐበሻ በብዛት የሚገኘው በካትሱሺካ ክፍለ ከተማ፣ ዮትሱጊ አካባቢ ነው። እኛ የዕረፍት ቀን ሲሰጠን የምናደርገው የታወቀ ነው። አንዱ ቤት እንሰበሰባለን፣ ቡና ይፈላል፣ በረካው ሲጠጣ መሽቶ ይገኛል፤ በመካከሉ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ፣ የቪዛ እድሳትና በቦታው የሌለ ሰው ስም ይነሣል። ዕቃ አያስፈልገውም፣ መነሻ ሰዓት የለውም፣ ማንም ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረውም። ይህን ለጃፓናዊ የሥራ ባልደረባ ማስረዳት ግን ከባድ ነው። «ቅዳሜ ምን አደረግህ?» ይለኛል። «ከጓደኞቼ ጋር ተቀመጥን» እለዋለሁ። «ከዚያስ?» ይላል። ከዚያማ መሸ።

እዚህ አገር መቀመጥ ራሱ ዝግጅት ይጠይቃል። የቼሪ አበባ ሲፈነዳ የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ይበላል፣ ይጠጣል። ቦታው አስቀድሞ መያዝ ስላለበት ግን አዲስ የተቀጠረው ልጅ በማለዳ ሰማያዊ ሸራ ተሸክሞ ይላካል፤ አለቆቹ ከሥራ እስኪወጡ ድረስ ብቻውን ሸራ ሲጠብቅ ይውላል። ያ ልጅ በማዕረግ የተመረቀ መሐንዲስ ሊሆን ይችላል። ካራኦኬም ቢሆን ክፍሉ በሰዓት ነው የሚከራየው፤ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀር ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ይጮኻል፤ ትዝታህን እዚያው ሰብስበህ ትወጣለህ።

ይህ ሁሉ ግን ልምምድ ነው። ዋናው ፈተና ብርዱ ሲገባ፣ በረዶ ላይ ነው።

በረዶው እንዴት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ከሳይቤሪያ የሚነሣው ቀዝቃዛ ደረቅ ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲሻገር ከሞቅ ያለው ውኃ እንፋሎት ይጭናል፤ ከዚያ መሐል አገር ያሉት ተራሮች ሲጋርዱት ሸክሙን ሁሉ በወዲያኛው በኩል፣ ኒጋታ ላይ ያራግፋል። ስለዚህ ቶኪዮ ላይ ፀሐይ እየሞቅህ ሺንካንሰን የተባለውን ፈጣን ባቡር ትሳፈራለህ፣ ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የዳይሺሚዙ ዋሻ ታልፋለህ፣ ኤቺጎ-ዩዛዋ ስትወርድ ከቁመትህ በላይ የተቆለለ በረዶ ይጠብቅሃል። መንገዱ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሳሪስ ፒያሳ የደረሰ ሰው ስለት ያስገባል።

ዩዛዋ ላይ ትንሽ ልቁም። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ የጃፓን ገንዘብ የሚገባበት ባጣበት ዘመን፣ የቶኪዮ ሰው በየዓመቱ ጥቂት ቀን ለሚንሸራተትበት በረዶ ብሎ አፓርታማ ገዛ። በሩዝ ማሳ ዳር ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ተደረደረ። ከዚያ የንብረት ዋጋ ተንኮታኮተ፣ የመንሸራተቱም ፋሽን አለፈ። ዛሬ ከእነዚያ ቤቶች አንዳንዶቹ በ100,000 የን ለሽያጭ ይቀርባሉ፤ ጥሩ የሚባል የእጅ ስልክ ከዚያ ይወደዳል። የአንዱን ማስታወቂያ ፎቶ አንሥቼ አዲስ አበባ ለቤተሰቤ የላክሁ ዕለት ቤቱ ታመሰ። ዕድሜውን ሙሉ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲጠብቅ የኖረው ታላቅ ወንድሜ «ምን ትጠብቃለህ? ሁለት ግዛ እንጂ!» ብሎ ጻፈልኝ። በየወሩ የአስተዳደርና የጥገና መዋጮ እንደሚከፈልበት፣ ባለቤቶቹ የሚሸጡት ከዚያ መዋጮ ለመገላገል እንደሆነ ባስረዳው ሊሰማኝ አልቻለም። «ሰው ቤት ኖሮት እንዴት ይከስራል?» አለ። እናቴ ደግሞ «ፍል ውኃ አለው ወይ?» ስትል በድምፅ ላከችልኝ። አለው፤ ብዙዎቹ ሕንፃዎች የጋራ የፍል ውኃ መታጠቢያ አላቸው። መዋጮውን ካናሩት ነገሮች አንዱም እሱ ነው። እናቴ የሰማችው «አለው» የሚለውን ብቻ ስለሆነ እስከ ዛሬ ድረስ ጎረቤት ሁሉ ልጇ ጃፓን ውስጥ ጠበል ያለበት ቤት ሊገዛ ነው ብሎ ያምናል።

ስኪ ጃፓን የገባው በጨዋታ መልክ አይደለም። በ1911 ቴዎዶር ፎን ሌርክ የተባለ የኦስትሪያ-ሀንጋሪ መኮንን፣ ሩስያን ያሸነፈውን የጃፓን ጦር ሊያጠና መጥቶ ሳለ፣ እዚያው ኒጋታ ውስጥ ታካዳ ላይ አንድ ረጅም በትር ይዞ ለመኮንኖች መንሸራተት አስተማረ። የመጀመሪያዎቹ ተንሸራታቾች ታዝዘው የወጡ ወታደሮች ናቸው። የዛሬዎቹንም ሳያቸው ትእዛዙ የተሻረ አይመስለኝም። ከ1928 ጀምሮ በሬዲዮ የሚተላለፈውን ጅምናስቲክ አገሩ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፤ ከመንሸራተቱ በፊት ተራራው ግርጌ ቆሞ ክንዱን እኩል እያነሣ፣ ጉልበቱን እኩል እያጠፈ ሰውነቱን ሲያፍታታ ያየ ሰው፣ ከላይ ጠላት የመሸገ ሊመስለው ይችላል።

«ስኖውቦርድ ግን፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ ቆሞ መንሸራተቱ፣ የዐመፀኛ ወጣቶች ጨዋታ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ1998 ናጋኖ ላይ ኦሊምፒክ ሲገባ፣ የመጀመሪያውን ወርቅ ያገኘው ካናዳዊው ሮስ ሬባግሊያቲ በካናቢስ ምክንያት ሜዳሊያውን ተነጥቆ ወዲያው ተመልሶለታል። ጃፓን ግን ለዐመፁም ደንብ አወጣችለት። በ2010 ካዙሂሮ ኮኩቦ ወደ ቫንኩቨር ሲበር፣ የብሔራዊ ቡድኑን ልብስ ሱሪውን ዝቅ፣ ክራባቱን ላላ አድርጎ፣ ሸሚዙንም አውጥቶ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ታየ። አገር ተንጫጫ። በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት እንዳይገኝ ተደረገ፤ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ «እየተጸጸትሁ ነው» ሲል ደግሞ የተናገረበት ለዛ ራሱ ሌላ ክስ ሆነ። ልጁ ከምድር በላይ ብዙ ሜትር ተወርውሮ፣ ተገልብጦና ተሽከርክሮ እንደሚወርድ የታወቀ ነው፤ በዚያ በኩል ቅሬታ ያቀረበ አልነበረም። ነገሩ የሸሚዙ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የመሣሪያ ኪራዩ ጋ ትደርሳለህ። ሌላ ቅጽ አለ፦ ቁመት፣ ክብደት፣ የጫማ ልክ በሴንቲ ሜትር፣ ከፊት የምታስቀድመው እግር ግራ ወይስ ቀኝ። በሕይወቴ «የትኛው እግርህ ነው መሪው?» ያለኝ ሰው የለም። ማወቂያው ዘዴ ቀላል ነው ተባልሁ፤ ሳታስበው ከኋላ ሲገፉህ የምታስቀድመውን እግር ማየት ነው። ነገር ግን ጃፓናዊ ሰው አይገፋም፤ «ልገፋዎት ነው» ብሎ ካስጠነቀቀ በኋላ ደግሞ መግፋቱ ትርጉም የለውም። አብሮኝ የመጣው የአገሬ ልጅ በደስታ ገፋኝ። ቀኝ ሆነ።

ወረፋው ላይ ከፊቴ የቆሙት ሁሉ «ጀማሪዎች ነን» ይላሉ። መነጽሩ፣ የራስ ቁሩ፣ የእጅ አንጓ መከላከያው፣ ከሱሪው ሥር የሚታጠቀው የመቀመጫ ትራስ ሳይቀር ተሟልቷል። መውደቂያቸውን አንጥፈው ነው የመጡት።

ጫማ የሚያድሉት ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ፊታቸው በራ፤ «አበበ!» አሉ። በ1964 ቶኪዮ ላይ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ጨርሶ፣ ሌሎቹ ሳይደርሱ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ያየ ትውልድ፣ ኢትዮጵያ ሲባል ሌላ ነገር አይመጣለትም። እግሬን እየለኩ «እሱ እኮ በባዶ እግሩ ነበር» አሉኝ። በባዶ እግሩ የሮጠው ሮም ላይ ነው፣ ቶኪዮ ላይስ ጫማ አድርጎ ነበር እንዳልላቸው ሰውዬው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ዝም አልሁ። በበረዶም ቢሆን ወኪል አጥተን አናውቅም፤ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖ ላይ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በአገር አቋራጭ ስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። እሱን የሚያነሣልኝ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም። ስለዚህ እዚያ ተራራ ላይ በወደቅሁ ቁጥር አበበ አብሮኝ ይወድቃል።

መውደቁም አይቀርም። ስኖውቦርድ ሁለት እግርን በአንድ ሰሌዳ ላይ አስሮ ቁልቁል መልቀቅ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ምንጊዜም በሰሌዳው በአንዱ ጠርዝ ላይ መሆን አለብህ፣ ወይ በተረከዝህ ወይ በጣቶችህ በኩል። ቁልቁለቱን የሚያየው ጠርዝ በረዶውን የነከሰ ዕለት ሰሌዳው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አንተ ግን ትቀጥላለህ። ጀማሪ በተረከዙ ጠርዝ ወዲያና ወዲህ እየተንሳፈፈ ይወርዳል፤ ጃፓኖች ይህን ከሚረግፍ ቅጠል ጋር ያመሳስሉታል። እኔ ስወርድ ያየ ሰው ግን ግንዱ ነው የወደቀው ብሎ ይመሰክራል። ተጋድሜ ሳለሁ አራት ዓመት የሞላው የማይመስል ሕፃን በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም ብሎ፣ እጅግ በታረመ ቋንቋ፣ ደኅና መሆኔን ጠየቀኝ።

ከሁሉ የከፋው በገመድ ተንጠልጥሎ ሰውን ወደ ተራራው የሚያወጣው የወንበር ማንሻ ነው። ሠራተኛው ወንበር በመጣ ቁጥር በረዶውን በመጥረጊያ ይጠርግልሃል፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ ይሸኝሃል። ችግሩ መውረጃው ላይ ነው። እዚያ ወደቅሁና ማሽኑ እንዲቆም ተደረገ። ከኋላዬ በገመዱ ላይ ያለው ሕዝብ ሁሉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። አንድ ሰው እንኳን ድምፁን አላሰማም። እኛ አገር ቢሆን ምክሩ ይዘንብ ነበር፤ «በግራህ ተነሣ!» «እግርህን ሰብስብ!» «ኧረ እናንተ፣ አንሡት እንጂ!» እየተባለ፣ አንዱ ስቆብህ፣ አንዱ አዝኖልህ፣ አንዷ በስመ አብ ብላልህ ትነሣለህ። በዝምታ መካከል ከበረዶ መነሣት ግን የተለየ ሙያ ነው። ሠራተኛው ሮጦ መጥቶ ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቀኝ። ስለ መውደቄ ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው።

ወደ ማታ ሁሉም ፍል ውኃ ይገባል። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃን ባይወዱ አዲስ አበባ እዚያ ባልተቆረቆረች ነበርና፣ በዚህ በኩል የሚያስተምረን የለም ብለህ ተዝናንተህ ትገባለህ። በሩ ላይ የመመሪያ ሰሌዳ ይቀበልሃል። ልብስ ለብሶ መግባት የለም፤ ትንሿ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ አስቀድመህ ትታጠባለህ፤ ፎጣው ውኃውን አይነካም፣ አጥፈህ አናትህ ላይ ታኖረዋለህ። ንቅሳት ያለበት ሰው ብዙ ቦታ አይገባም፤ ንቅሳት የያኩዛ፣ የጃፓን ወንበዴዎች፣ ምልክት ነው ተብሎ ነው። ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አሉኝ። አንገታቸው ዙሪያውን የተነቀሰ፣ ግንባራቸው ላይ መስቀል ያለባቸው፣ ጾም የማያስታጉሉ ሴት በወንበዴነት ተጠርጥረው ከበር ሊመለሱ ነው። አንዳንዱ ቤት ንቅሳቱን በፕላስተር ሸፍኖ ያስገባል ይባላል። ግንባራቸው ላይ ያለውን መስቀል በፕላስተር እንዲሸፍኑ ማን ደፍሮ እንደሚነግራቸው ግን መመሪያው አይገልጽም።

ጉዞው እዚህ ያልቃል ያለ ሰው ተሳስቷል። ፈቃድ ወስዶ የሄደ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ ጣፋጭ ይዞ መመለስ አለበት። ባቡር ጣቢያው ውስጥ ያለው ሱቅ የቆመው ለዚሁ ነው። ብስኩቱ አንድ አንዱ ለብቻው ተጠቅልሏል፣ ካርቶኑ ላይ የፍሬው ብዛት ተጽፏል፤ ገዢ የሚያማርጠው ጣዕሙን አይደለም፣ የክፍሉን ሠራተኛ ቁጥር ነው። በማግሥቱ ጠዋት እያነከስህ በየጠረጴዛው ትዞራለህ፤ ባልነበርህበት ቀን ስላስቸገርሃቸው ይቅርታ እየጠየቅህ ታድላለህ። ካርቶኑ ላይ የዩዛዋ ተራራ በትልቁ ተስሏል፤ ቢሆንም ምን አነከሰህ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኛ ክፍል ሃያ ሦስት ነን፤ ካርቶኑ የያዘው ሃያ አራት ነበር። የተረፈችው አንዲት ብስኩት ሻይ የሚፈላበት ጥግ ተቀመጠች። በጃፓን የመጨረሻዋን ፍሬ ማንሣት ነውር ነው። ሁሉም ሻይ ሲቀዳ ያያታል፣ ያልፋታል። አለቃው አይቷት አለፈ፤ ከእሱ በኋላ የመጣ ደግሞ አለቃው ያለፈውን እንዴት ያነሣል? ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እኔ በላኋት። ሰው ይቀየመኛል ብዬ ነበር፤ የክፍሉ ሰው ፊት ላይ የተነበበው ግን እፎይታ ነው። ከዚያ ወዲህ አንዱ ከሄደበት ተመልሶ ካደለው ነገር አንዲት ፍሬ ስትተርፍ፣ ማን እንደሚያመጣት ሳላይ ጠረጴዛዬ ላይ አገኛታለሁ።